ላቲኖዎች በዙ፤ ታዲያ ቴክሳስ ለምን አልተገለበጠችም?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ ነው። ሰፈሬ በአብዛኛው የሜክሲኮ ተወላጅ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ‹ላቲኖዎች በድንበር እየገቡ ይበዛሉ፣ ድምፅም ይሰጣሉ፣ ቴክሳስ ነገ ከነገ ወዲያ የዴሞክራት ናት› ይለኛል። ይህን ወሬ እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ እሰማዋለሁ። በ2024 ግን ፊት ለፊቴ ያለው ጎረቤቴ ግቢው ላይ የትራምፕን ምልክት ተከለ። እውነቱ የቱ ነው? የሕዝብ ቁጥር ፖለቲካውን ይለውጣል ወይስ አይለውጥም? ለእኛ ለሐበሾችስ ምን ትምህርት አለው?»

ባልደረባዎ በአንድ ትንፋሽ ሦስት ነገር ተናግሯል። ሦስቱም ልክ አይደሉም። የላቲኖዎች፣ ማለትም የዘር ሐረጋቸው ከላቲን አሜሪካ የሚመዘዝ ሰዎች፣ እድገት ዋና ምንጭ ድንበሩ አይደለም። ዜጋ ያልሆነ ሰው በአገሪቱ ምርጫ ድምፅ አይሰጥም። የበዛ ሕዝብም በራሱ ጊዜ ወደ አንድ ፓርቲ አይፈስም። ጎረቤትዎ የተከለው ምልክት ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የጥያቄዎ ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ነው። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከቁጥሩ ልነሳ። በ1970 በአሜሪካ የነበሩት ላቲኖዎች 10 ሚሊዮን አይሞሉም ነበር። በ2000 ቆጠራ 35 ሚሊዮን ደረሱ። በ2020 ደግሞ 62 ሚሊዮን። ዛሬ ከአምስት የአሜሪካ ነዋሪ አንዱ ላቲኖ ነው። ከ2010 እስከ 2020 አገሪቱ ላይ ከተጨመረው ሕዝብ ግማሹ ከእነሱ ነው።

እስከ 1990ዎቹ ድረስ ይህን የገፋው በብዛት ስደት ነበር። ከ2000 በኋላ በነበሩት ሁለት አሥርታት ግን ወሊድ ስደትን በለጠ። ከ2021 በኋላ የስደተኛው ቁጥር እንደገና ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ያም ሆኖ ከሦስት ላቲኖ ሁለቱ እዚሁ አሜሪካ የተወለዱ ናቸው። በየዓመቱ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ላቲኖ ወጣቶች 18 ዓመት ይሞላቸዋል። አብዛኞቹ ድንበር የሚባለውን ነገር ያዩት በቴሌቪዥን ነው። ከቴክሳስ ላቲኖዎች መካከል ደግሞ አያት ቅድመ አያቶቻቸው አሜሪካ ከመምጣቷ በፊት እዚያው የነበሩ አሉ። ቴክሳስ የተጠቃለለችው በ1845 ነው። ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ድንበር ሆኖ የጸናው ደግሞ በ1848ቱ ውል ነው። እነዚህ ሰዎች ድንበር አልተሻገሩም። ድንበሩ ነው ወደ እነሱ የመጣው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስህተት። ብዙ ሰው የሕዝብን ቁጥርና የመራጭን ቁጥር አንድ አድርጎ ያያል። በመሐል ግን ወንፊት አለ። መቶ ላቲኖ አንድ ክፍል ውስጥ ይሰብስቡ እንበል። ሠላሳ ያህሉ ገና 18 ዓመት አልሞላቸውም፤ ወደ ውጭ ይውጡ። ከቀሩት መካከል ዜግነት የሌላቸውም ይውጡ። ክፍሉ ውስጥ 53 ሰው ይቀራል። መምረጥ የሚችሉት እነሱ ብቻ ናቸው። ከነዚህ መካከል በ2020 ምርጫ ጣቢያ የሄዱት ወይም በፖስታ የላኩት ከግማሽ ትንሽ ይበልጣሉ። ስለዚህ ከመቶው ድምፃቸው ሳጥን የገባው 28 ያህል ናቸው። ይኸው ስሌት ለነጮች ሲሠራ 56 አካባቢ ይመጣል። በአንድ ከተማ ውስጥ እኩል ሕዝብ ይዘው፣ የምርጫው ቀን አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ትልቁ ምክንያት ዕድሜ ነው። የላቲኖዎች አማካይ ዕድሜ 30 አካባቢ ነው፤ የነጮቹ ከ40 ያልፋል። ወጣት ደግሞ የትኛውም ዘር ይሁን ምርጫ ላይ ይሰንፋል። ቤት ይቀያይራል፣ ፈረቃ ይሠራል፣ ምዝገባውን ይረሳል። ይህ ጉድለት በዕድሜ የሚጠብ ነው። የሚጠበው ግን ቀስ ብሎ ነው። ባልደረባዎ «ነገ ከነገ ወዲያ» የሚለውን ቃል ቢተወው ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ለእኛው ሰው ጭምር ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠቱ በ1996 በወጣ ሕግ ወንጀል ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ቢመርጥ፣ ወይም ዜጋ ነኝ ብሎ ቢመዘገብ፣ ዜግነት የማግኘት ዕድሉን ሊያጣ ብቻ ሳይሆን ከአገር ሊባረር ይችላል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ «መራጭ ሆነው መመዝገብ ይፈልጋሉ?» የሚል ጥያቄ ይቀርባል። እንግሊዝኛው ያልጠራለት ሰው ቶሎ ለመጨረስ ብሎ «አዎ» ላይ ምልክት ያደርጋል። ያቺ ምልክት ከዓመታት በኋላ የዜግነት ቃለ መጠይቅ ላይ ትመጣለች። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ዘመድ ካለዎት ይህን ዛሬውኑ ይንገሩት። በስህተት የተመዘገበም ካለ ፎርም ከመሙላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

ታዲያ ያልመረጠው ሰው ምንም አይቆጠርም? ይቆጠራል። የላቲኖዎች ቁጥር በጣም የሚሠራው እዚህ ነው፤ የሚያወራለት ሰው ግን ጥቂት ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር በየግዛቱ ባለው ጠቅላላ ሰው ቁጥር ይከፋፈል ይላል። «ሰው» ነው የሚለው፤ «ዜጋ» ወይም «መራጭ» አላለም። ሕፃኑም፣ ግሪን ካርድ ያለውም፣ ወረቀት የሌለውም ይቆጠራል። ቴክሳስ በ2020 ቆጠራ ወደ 4 ሚሊዮን ሰው ጨመረች። ግማሽ ያህሉ ላቲኖ ነበር፤ ነጩ የጨመረው 187 ሺህ ብቻ ነው። በዚያ እድገት ቴክሳስ ሁለት ወንበር አገኘችና 38 ደረሰች። ፕሬዚዳንቱን በሚወስነው የግዛቶች ድምፅ ያላት ድርሻም ከ38 ወደ 40 አደገ።

ወንበሮቹን ማን ወሰዳቸው? የምርጫ ክልሉን ካርታ የሚሥለው የግዛቱ ምክር ቤት ነው፤ እሱ ደግሞ በሪፐብሊካኖች እጅ ነው። በ2021 በተሣለው ካርታ ሁለቱም አዳዲስ ወንበሮች ነጭ መራጭ የሚበዛባቸው ሆነው ተቀረጹ፤ አንዱ ኦስቲን፣ አንዱ ሂዩስተን አካባቢ። በ2025 ደግሞ ቆጠራ ሳይኖር ካርታው እንደገና ተሣለ። ዓላማው ለሪፐብሊካኖች አምስት ወንበር መጨመር ነበር። አንዳንዶቹ የታሰቡት በደቡብ ቴክሳስ ያሉ ላቲኖዎች በ2024 እንደመረጡት ይመርጣሉ በሚል ስሌት ነው። ሕዝብ በመብዛቱ ግዛቱ ጉልበት አገኘ። ጉልበቱን የሚያዝበት ግን ብዕሩን የያዘው ወገን ነው።

ሦስተኛው ስህተት ከሁሉም የከበደ ነው፤ ላቲኖን አንድ ሕዝብ አድርጎ ማየት። የ2020ውን የቆጠራ ፎርም ካስታወሱ፣ «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» ከሚለው ሥር በምሳሌነት ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ ሶማሌ የሚሉ ቃላት ተደርድረው ነበር። እርስዎ ከናይጄሪያዊ ጎረቤትዎ ጋር በአንድ ሣጥን ገቡ። በአንድ አሳብ ትመርጣላችሁ ማለት ነው? አይደለም። «ሂስፓኒክ» የሚለው ሣጥንም እንደዚያው ነው። ከውስጡ ስድስት አሥረኛ ያህሉ ሥሩ ሜክሲኮ ነው። የፖርቶ ሪኮ ሰው ከ1917 ጀምሮ በትውልድ ዜጋ ነው። ደሴቱ ላይ ሆኖ ፕሬዚዳንት መምረጥ አይችልም፤ ኦርላንዶ ከገባ ግን ተመዝግቦ ይመርጣል። ኩባዊው ከካስትሮ ሸሽቶ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ «ሶሻሊዝም» የሚለው ቃል ብቻውን ያስደነግጠዋል። ከደርግ ሸሽቶ የወጣ ሐበሻ ይህ ስሜት አይጠፋውም።

የካሊፎርኒያ ታሪክ ብዙ ሰው ያሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ1994 ፕሮፖዚሽን 187 የሚባል ውሳኔ ለሕዝብ ቀረበ። ወረቀት የሌላቸውን ስደተኞች ከመንግሥት ትምህርት ቤትና ከድንገተኛ ውጭ ከሆነ ሕክምና የሚያግድ ነበር። አስተማሪዎች ሳይቀሩ የተጠረጠረውን እንዲጠቁሙ ያዝ ነበር። አገረ ገዢው ፒት ዊልሰን ደገፈው። ሕዝቡም 59 በመቶ በሆነ ድምፅ አጸደቀው። በኋላ የፌዴራል ፍርድ ቤት አስቆመው። ቁጣው ግን አልቆመም። በ1986ቱ ሕግ በአገሪቱ 2.7 ሚሊዮን ስደተኞች ወረቀት አግኝተው ነበር፤ ብዙዎቹ ካሊፎርኒያ ነበሩ። ለዓመታት ግሪን ካርዱን ኪሳቸው አድርገው ዝም ያሉ ሰዎች ለዜግነት ተሰለፉ። ዜጋ ሆኑ፣ ተመዘገቡ፣ ሪፐብሊካኖችን በድምፃቸው ቀጡ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ተንታኝ የተማረው «ላቲኖ ሲበዛ ዴሞክራት ያሸንፋል» የሚለውን ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ቁጥሩ ከ1994 በፊትም ነበር። የለወጠው ስድቡና ከስድቡ በኋላ የመጣው የዜግነት ወረፋ ነው። ሌላም ምክንያት ነበር፤ ከቀዝቃዛው ጦርነት በኋላ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ሲዘጉ ብዙ ነጭ ሠራተኛ ከካሊፎርኒያ ወጥቷል። ቴክሳስ ይህ አልደረሰባትም። ጆርጅ ቡሽ አገረ ገዢ ሳለ ላቲኖዎችን እየተጠጋ፣ በስፓኒሽ እየተናገረ አደገ። በ2004 የፕሬዚዳንት ምርጫ ከላቲኖዎች 40 በመቶ አካባቢ አገኘ። እንግዲህ ላቲኖ ሁልጊዜ ዴሞክራት ነበረ የሚባለውም ልክ አልነበረም።

አሁን ወደ ስታር ካውንቲ ልውሰድዎ። ከቴክሳስ ደቡብ ጫፍ፣ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ካውንቲ ናት። ከመቶ ነዋሪ 97ቱ ላቲኖ ነው። ገበያው በስፓኒሽ ነው፣ ቅዳሴው በስፓኒሽ ነው። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን 79 በመቶ አገኘች። በ2020 ባይደን 52 በመቶ። በ2024 ትራምፕ ወደ 58 በመቶ አግኝቶ አሸነፈ። ስታር ካውንቲ ለሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ስትሰጥ ከ1892 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። በስምንት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል! የሕዝቡ ስብጥር አልተለወጠም። ያው ሕዝብ ነው አሳቡን የቀየረው።

ለምን? እዚያ አካባቢ አንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ ልጅ የነዳጅ ማውጫ ላይ ይሠራል፣ አንዱ የድንበር ጥበቃ ዩኒፎርም ለብሷል፣ እናት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ትሠራለች። ዴሞክራቶች ስለ ነዳጅ ክፉ ሲያወሩ የሚሰማው የልጁ ደመወዝ ነው። «ፖሊስ ይቀነስ» ሲባል የሚሰማው የወንድሙ እንጀራ ነው። ከዚህ ላይ ከ2021 በኋላ የመጣው የኑሮ ውድነት አለ። እንቁላል፣ ቤንዚን፣ የቤት ኪራይ። በድንበሩ የገባው ሰው ብዛትም ዳላስ ካለው ይልቅ ወንዙ ዳር ያለውን ሰው አስጨንቆታል። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መስፋፋት፣ ዲግሪ የሌላቸው ወንዶች ወደ ሪፐብሊካን ማዘንበላቸው፣ እነዚህም አሉበት። አንድ ምክንያት ብቻ ነቅሶ «ይሄ ነው» የሚልዎትን አይመኑት።

የፍሎሪዳው ማያሚ ዴድም ተመሳሳይ ነው። ክሊንተን በ2016 በ29 ነጥብ ብልጫ ያሸነፈችበት ካውንቲ በ2024 ለትራምፕ ሰጠ። በአገር ደረጃ ትራምፕ ያገኘው የላቲኖ ድምፅ በ2016 28 በመቶ አካባቢ ነበር፤ በ2024 46 ወይም 48 ነው። ቁጥሩ ሁለት የሆነው መለኪያው ሁለት ስለሆነ ነው። አንዱ ከምርጫ ጣቢያ የሚወጣን ሰው በመጠየቅ የተሠራ ነው። ሌላው የፒው ምርምር ማዕከል መምረጣቸውን በመዝገብ አረጋግጦ የሠራው ነው። ሁለቱም ናሙና ናቸው። በምርጫው ማግሥት ቴሌቪዥን ላይ የሚወጣውን «የላቲኖ ድምፅ» ቁጥር እንደ ሚዛን ምልክት ሳይሆን እንደ ግምት ይያዙት።

ሪፐብሊካኖችም ቢሆኑ ይህን ሕዝብ በእጃችን አስገባን ብለው መዝፈን የለባቸውም። ኒው ጀርሲ ውስጥ ፓሴይክ የሚባል ካውንቲ አለ፤ ከአሥር ነዋሪ ከአራት በላዩ ላቲኖ ነው። በ2024 ትራምፕ አሸነፈበት። አንድ ዓመት ሳይቆይ፣ በ2025 የአገረ ገዢ ምርጫ፣ ዴሞክራቷ ማይኪ ሼሪል በሰፊ ልዩነት መለሰችው። ኑሮው አልረከሰም፣ የኢሚግሬሽን አፈሳውም ሰውን አስቆጥቶ ነበር። ጎረቤትዎም እንዲሁ ነው። ባለፈው የተከለውን ምልክት በሚቀጥለው ሊተክለውም ላይተክለውም ይችላል። ቀርቦ ያነጋገረው ሰው ይወስደዋል።

ቁጥሩ የሚመዝነው ደግሞ እንደ ቦታው ነው። ከግማሽ በላይ ላቲኖ የሚኖረው በሦስት ግዛት ነው፤ ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስና ፍሎሪዳ። ካሊፎርኒያ ላይ አንድ ሚሊዮን ላቲኖ ቢጨመር የፕሬዚዳንቱ ውጤት አይነቃነቅም። አሪዞና ላይ ግን ባይደን በ2020 ያሸነፈው በ10,457 ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ስታዲየም አይሞላም። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ላቲኖው ከመቶ 8 ነው፤ ነገር ግን ሬዲንግና አለንታውን የሚባሉት ከተሞች ላይ አብዛኛው ነዋሪ እሱ ነው። ግዛቱ ራሱ በጠባብ ልዩነት የሚወሰን ነው። ስለዚህ ሁለቱም ፓርቲዎች እዚያ በስፓኒሽ ያስተዋውቃሉ፤ ሎስ አንጀለስ ላይ አይደክሙም።

ወደፊቱን ለመተንበይ የሚቸኩል ካለም ሁለት ነገር ያስብ። የ2020 ቆጠራ ላቲኖዎችን በ5 በመቶ አካባቢ አሳንሶ ቆጥሯል፤ የቆጠራ ቢሮው ራሱ ያመነው ነው። በሌላ በኩል የወሊድ መጠኑ ቀንሷል፣ ከሌላው ጋር መጋባቱም በርክቷል። ፒው እንዳገኘው የዘር ሐረጋቸው ላቲኖ ከሆነ ሰዎች መካከል አራተኛ ትውልድ ላይ ሲደርስ ግማሽ ያህሉ ራሱን ላቲኖ ብሎ አይጠራም። የ2050ን ቁጥር ዛሬ ላይ በእርግጠኝነት የሚነግርዎት ሰው፣ ገና ያልተወለደ ልጅ ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ አውቃለሁ እያለ ነው።

ስለ ሐበሾች ጠይቀዋል። እኛ በቁጥር እዚህ ግባ አንባልም። ስለዚህ የላቲኖዎች ብዛት ለእኛ ትምህርት አይሆነንም። ትምህርት የሚሆነን ወንፊቱን እንዴት እንደታገሉት ነው። ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ዊሊ ቬላስኬዝ የሚባል ሰው በ1974 የመራጮች ምዝገባ ድርጅት አቋቋመ። ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው ይመዘግቡ ነበር። የጀመሩት ከፕሬዚዳንት አይደለም፤ ከትምህርት ቤት ቦርድና ከከተማ ምክር ቤት ነው። «መንገዳችን ለምን አስፋልት የለውም? ጎርፉ ለምን ሰፈራችን ይገባል?» ከሚለው ተነሱ። የተዛባ የምርጫ ክልል ካርታ ሲያዩ ፍርድ ቤት ይሄዱ ነበር። መፈክራቸው በስፓኒሽ «ሱ ቮቶ ኤስ ሱ ቮስ» ነው። በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ይፈልጋል። በአማርኛ ግን የምርጫውም የአንደበቱም አንድ ቃል ነው፤ ድምፅዎ ድምፅዎ ነው። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1981፣ ሳን አንቶኒዮ ሄንሪ ሲስኔሮስን ከንቲባ አደረገች።

ስለዚህ የምመክርዎ ይህን ነው። ከባልደረባዎ ጋር ስንት ላቲኖ ገባ እያሉ መከራከርዎን ይተዉ። ቁጥር ካነሳ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁት። ከነሱ ስንቱ ዜጋና ለአካለ መጠን የደረሰ ነው? ስንቱ በተግባር መረጠ? የሚኖረውስ የትኛው ግዛት፣ የትኛው የምርጫ ክልል ውስጥ ነው? እነዚህን ያልመለሰ ክርክር የትም አያደርስም።

ወደ ራስዎ ሲመጡ ደግሞ፣ ግሪን ካርድ ይዘው አምስት ዓመት ከሞላዎት የዜግነት ማመልከቻውን፣ ኤን-400ን፣ ዘንድሮ ያስገቡ። የዜጋ የትዳር ጓደኛ ከሆኑና አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ ሦስት ዓመት ይበቃል። ዜጋ ከሆኑ በመራጮች መዝገብ ላይ ስምዎ እንዳለ ዛሬ ይመልከቱ፤ በተለይ ካውንቲ ቀይረው ከሆነ። ቴክሳስ እንደ ብዙ ግዛቶች በኢንተርኔት አትመዘግብም፤ መንጃ ፈቃድ በኢንተርኔት ሲያድሱ ካልሆነ በቀር። ፎርሙን ሞልተው፣ በእጅዎ ፈርመው፣ በፖስታ መላክ ወይም ወስደው ማስረከብ አለብዎ። ምዝገባው ምርጫው 30 ቀን ሲቀረው ይዘጋል። የፓርቲዎቹ ዕጩዎች የሚለዩበትን የማርቹን ፕራይመሪም አይዝለሉት። ቴክሳስ ውስጥ የፓርቲ አባል መሆን አያስፈልግም፤ የአንዱን ፓርቲ ወረቀት መርጠው ይሰጣሉ። በካርታው ምክንያት ብዙው ወንበር የሚወሰነው ያን ቀን ነው፤ ኖቬምበር ላይ የሚደርሱት ካለቀ በኋላ ነው። ፊት ለፊትዎ ያለው ጎረቤትዎም በማርች ወጥቶ እንደሆነ ይጠይቁት። ካልወጣ አብራችሁ ሂዱ።